ስፋት፣ ቅጥነት፣ ዕድሜ፦ ስለ መጪዎቹ ላፕቶፖች የሚደረገው ክርክር ሲብራራ

አዲስ የላፕቶፕ ሞዴል ሊወጣ ነው ሲባል ክርክሩ ከማሽኑ ቀድሞ ይደርሳል። አንዱ ስክሪኑ 16 ኢንች ካልሆነ አልገዛም ይላል። ሌላው ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚመዝን ዕቃ ተሸክሜ አልዞርም ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ክርክሩን ያጋጋለው ተጨማሪ ምክንያትም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ2018 ገደማ ወዲህ የተሠሩ ማሽኖችን ስለሆነ፣ ገና ደህና የሚሠራ ላፕቶፕ በእጁ ያለ ብዙ ሰው አዲስ ስለመግዛት ማሰብ ጀምሯል።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የሚዘነጋ ነገር አለ። ንድፍ፣ የስክሪን መጠንና አስተማማኝነት ተለያይተው የሚመረጡ ሦስት ነገሮች አይደሉም። አንዱን ሲነኩት ሌላው ይንቀሳቀሳል። ከማሽኑ ውፍረት ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀነስ ከሌላ ቦታ የሚወሰድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚወሰደውም ከዕድሜው ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን የሚታየው ቅጥነቱ ብቻ ነው።

«15.6 ኢንች» ሲባል የሚለካው የቱ ነው?

የስክሪን ኢንች የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰያፉ ብቻውን ግን ስክሪኑ ወደ ጎን ምን ያህል ሰፊ፣ ወደ ላይ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚናገረው የጎኖቹ ምጣኔ ነው። በላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገኙት ምጣኔዎች 16 ለ 9፣ 16 ለ 10 እና 3 ለ 2 ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ወርዱን፣ ሁለተኛው ቁመቱን ያመለክታል።

ልዩነቱ በስሌት ሲታይ ብዙ ገዢዎችን ያስገርማል። ምጣኔው 16 ለ 9 የሆነ 15.6 ኢንች ስክሪን 34.5 ሴንቲ ሜትር ወርድና 19.4 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ምጣኔው 16 ለ 10 የሆነ 14 ኢንች ስክሪን ደግሞ 30.2 በ18.8 ሴንቲ ሜትር ነው። በወርድ ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ ሲለያዩ በቁመት የሚለያዩት በስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ወይም ረጅም ሰነድ የሚያነብ ሰው የሚፈልገው ቁመቱን ነው። ስለዚህ «ትንሹ» ስክሪን ከ«ትልቁ» እኩል ሊባል የሚችል የጽሑፍ መስመር ያሳየዋል፤ ማሽኑም ከቦርሳው በቀላሉ ይገባል።

ሰፊውና አጭሩ ስክሪን የተስፋፋው በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲሆን ምክንያቱ የተጠቃሚው ፍላጎት ብቻ አልነበረም። ቴሌቪዥኖች 16 ለ 9 ሆነው ነበር፤ ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ ምጣኔ ያላቸውን ስክሪኖች ከትልልቅ የመስታወት ገበታዎች ላይ ሲቆርጡ ብክነታቸውና ወጪያቸው ይቀንሳል። ለፊልም የተመቸው ቅርጽ በዚህ መንገድ የጽሕፈት ጠረጴዛውንም ወረሰ። ከ2020 ገደማ ወዲህ አዝማሚያው ተመልሷል። የዴል ኤክስፒኤስ 13 በዚያ ዓመት ወደ 16 ለ 10 ተመለሰ፤ የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ላፕቶፖች ቀድሞውንም 3 ለ 2 ነበሩ፤ ዛሬ በሚወጡ የመካከለኛና የከፍተኛ ዋጋ ሞዴሎች ላይ 16 ለ 10 የተለመደ ሆኗል። «15.6» የነበረው መደብ ወደ «16»፣ «13.3» የነበረው ወደ «14» ሲሸጋገር የምናየው ከዚህ ለውጥ ጋር ተያይዞ ነው።

ከመጠኑ ጋር አብሮ መጠየቅ ያለበት የፒክሰል ብዛት ነው። ፒክሰል ማለት ስክሪኑ ምስልን የሚሠራበት እጅግ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ነው። 1366 በ768 ፒክሰል ያለው 15.6 ኢንች ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ መቶ ያህል ነጥቦች ብቻ አሉት። 1920 በ1200 ያለው 14 ኢንች ስክሪን ግን 160 ያህል አሉት። ይህ ለእኛ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ይከብዳል። የፊደሎቻችን ልዩነት በትንንሽ ቅጥያዎችና ቀለበቶች ላይ ስለሚወሰን፣ በሻካራ ስክሪን ላይ «ሕ»ን ከ«ሐ»፣ «ቁ»ን ከ«ቋ» ለመለየት ዓይን ይለፋል። ቀኑን ሙሉ አማርኛ የሚጽፍ ጸሐፊ ወይም አርታኢ ከሁለት ኢንች ጭማሪ ይልቅ ጥርት ያለ ስክሪን ቢመርጥ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። በ1366 በ768 የሚሸጥ አዲስ ማሽን ዛሬ መገዛት የለበትም፤ በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

ታዲያ ትልቅ ስክሪን ምን ያስከፍላል?

ክብደትና ባትሪ ያስከፍላል። ስክሪኑ በሰፋ መጠን ብርሃኑን ለማብራት የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። በምላሹ ግን ሰፊው አካል ለማቀዝቀዣና ለባትሪ ቦታ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ቪዲዮ ለሚያቀናብሩ ወይም የሕንፃ ንድፍ ለሚሠሩ ሰዎች የ16 ኢንች ማሽን ጥቅሙ ስክሪኑ ብቻ አይደለም፤ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ ፕሮሰሰሩም፣ ሳይደክም ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ሌላ ዋጋ አለ፤ እሱም ማጠፊያው ነው። ስክሪኑን ከታችኛው አካል ጋር የሚያገናኙት ሁለት የብረት ማጠፊያዎች በርካሽ ሞዴሎች ላይ የሚታሰሩት በፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ ትንንሽ የነሐስ ቀለበቶች ላይ ነው። ማጠፊያው በጊዜ ሲጠጥር፣ በከፈትነው ቁጥር ኃይሉ ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል፤ ፕላስቲኩም ይሰነጠቃል። ስክሪኑ ትልቅና ከባድ ሲሆን ጫናው ይበረታል። ወደ ጥገና ቤቶች በብዛት ከሚመጡት ችግሮች አንዱ ይህ ነው። ስክሪኑን ከማዕዘኑ ሳይሆን ከመሃሉ ይዞ መክፈት ጫናውን ለሁለቱም ማጠፊያዎች ያካፍለዋል።

ማሽን ሲቀጥን የሚጎድለው ምንድን ነው?

የላፕቶፕን ውስጥ አንድ ክፍል በጋራ እንደተከራዩ ደባሎች አድርገን እናስብ። ባትሪው፣ ፕሮሰሰሩ፣ ማራገቢያው፣ ኪቦርዱ፣ የገመድ መሰኪያዎቹ ሁሉም ቦታ ይፈልጋሉ። ባለቤቱ ግድግዳውን ገፍቶ ክፍሉን ሲያጠብ ከእነሱ አንዱም ወጥቶ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ሁሉም ከድርሻቸው ይቆርጣሉ። ባትሪው ይሳሳል፣ ማራገቢያው ያንሳል፣ የኪቦርዱ ቁልፍ ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት ያጥራል፣ መሰኪያዎች ይቀነሳሉ።

የዚህ ግልጽ ምሳሌ የአፕል ኪቦርድ ታሪክ ነው። አፕል በ2015 ውፍረቱ 13.1 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 0.92 ኪሎ ግራም የሆነ ባለ 12 ኢንች ማክቡክ አወጣ። ማሽኑን ያን ያህል ለማቅጠን የተለመደውን የቁልፍ አሠራር ትቶ «ቢራቢሮ» የተባለ አዲስ አሠራር ተጠቀመ። በተለመደው አሠራር ከቁልፉ ሥር ሁለት ክንዶች እንደ መቀስ ተሻግረው ይቆማሉ። በቢራቢሮው ክንዶቹ ከመሃል ወደ ሁለት ጎን ተዘርግተው ዝቅ ብለው ይተኛሉ። ቁልፉ ስለማይነቃነቅ የተረጋጋ ነበር። ነገር ግን ከሥሩ የቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለነበር ትንሽ ብናኝ ሲገባበት ቁልፉ ይጣበቃል፣ አለዚያም አንድ ጊዜ ሲጫኑት ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ኪቦርዱ ከላይኛው የብረት አካልና ከባትሪው ጋር አንድ ላይ የተያያዘ በመሆኑ ደግሞ ለአንድ ቁልፍ ብልሽት የማሽኑ እኩሌታ መቀየር ነበረበት። አሠራሩ ወደ ማክቡክ ፕሮና ወደ ማክቡክ ኤር ተዛመተ። አፕል በጁን 2018 ነፃ የጥገና ፕሮግራም ከፈተ፤ በኖቬምበር 2019 በወጣው ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ወደ መቀሱ አሠራር ተመለሰ፤ በ2022 ደግሞ በአሜሪካ የቀረበበትን የጋራ ክስ 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘጋው።

በዚያው ዘመን ሌላም ነገር ተከስቷል። በ2016 የወጣው ማክቡክ ፕሮ ስክሪኑን ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ቀጭንና አጭር ነበር። ስክሪኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገመዱ እየታጠፈ ሲደክም በስክሪኑ ግርጌ ብርሃኑ እዚህም እዚያም መጥፋት ይጀምራል። ለባለ 13 ኢንቹ በ2019 የጥገና ፕሮግራም ተከፈተለት። ኩባንያው በኦክቶበር 2021 ባወጣቸው ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንች ማሽኖች አካሉን አወፈረ፤ ቀደም ሲል አስቀርቷቸው የነበሩትን የኤችዲኤምአይ (የውጭ ስክሪን ማገናኛ)፣ የካሜራ ካርድና የማግኔት ቻርጀር መሰኪያዎችም መለሰ። በዓለም ላይ ቅጥነትን ከማንም በላይ ያሳደደው ኩባንያ በራሱ ፈቃድ ወደ ኋላ መመለሱ ለዚህ ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው።

ስለ ሙቀት ለምን ይህን ያህል ይወራል?

ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። አምራቾች ለአንድ ፕሮሰሰር የተለያየ የዋት ጣሪያ መስጠት ይችላሉ። ቀጭን ማሽን ውስጥ ሲገባ 15 ዋት፣ ወፍራም ውስጥ ሲገባ 28 ወይም ከዚያ በላይ ሊፈቀድለት ይችላል። በሁለቱ ሳጥኖች ላይ የተጻፈው የፕሮሰሰር ስም አንድ ሆኖ ሳለ ፍጥነታቸው የሚለያየው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ከገደብ ሲያልፍ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ገዢው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያየው ፈጣን ማሽን ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ ሊያዘግም ይችላል።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ ሙቀትን የሚያስወጣው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል፤ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች መግለጫ ላይ የሚሰጠው የሥራ ከፍታ ገደብም 3,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አደጋ የለውም። ሆኖም በጣም ቀጭን የሆነ ማሽን ላይ የቀረችው ጥቂት ትርፍ የማቀዝቀዝ አቅም እዚህ ቶሎ ታልቃለች። አቧራው ሲጨመርበት ማራገቢያውንና የሙቀት ማስወጫ ክንፎቹን በየጊዜው ማስጠረግ ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑ ከታች በተለመደ ብሎን ይከፈታል ወይ የሚለው ጥያቄ ለእኛ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

«አስተማማኝ ላፕቶፕ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰዎች በዚህ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይላሉ። አንደኛው፣ በተለመደ አጠቃቀም ሳይበላሽ መሥራቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሲወድቅ ወይም ሲጫኑት መቋቋሙ ነው። ሦስተኛው፣ ከተበላሸ በኋላ መጠገን መቻሉ ነው። አንድ ማሽን በአንደኛው ጎበዝ ሆኖ በሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። ከብረት የተሠራ ጠንካራ አካል ያለው ላፕቶፕ ውስጡ በሙጫ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል፤ ፕላስቲክ የለበሰው ደግሞ በአሥር ደቂቃ ተፈትቶ የሚገጣጠም።

ገና ስላልወጣ ማሽን የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ላይ ነው። የአዲስ ሞዴልን አለመበላሸት በወጣበት ቀን ማንም ሊለካው አይችልም። ሁለት ታሪኮች ይህን ያሳያሉ። በኦገስት 2006 ዴል 4.1 ሚሊዮን የላፕቶፕ ባትሪዎችን ከገበያ ሰበሰበ፤ በዚያው ወር አፕል 1.8 ሚሊዮን ባትሪዎችን ሰበሰበ። በሁለቱም ውስጥ የነበሩት ሴሎች የሶኒ ነበሩ። በምርት ጊዜ የገቡ ጥቃቅን የብረት ብናኞች በሴሉ ውስጥ ያልተፈለገ የኤሌክትሪክ ግንኙነት እየፈጠሩ ባትሪው እንዲግልና እንዲቃጠል ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። በ2008 ደግሞ የቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ በአንዳንድ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ላይ ጉድለት መኖሩን አሳውቆ ለጥገና ወጪ እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚይዝ ገለጸ። ቺፑ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ከሥሩ ያሉት የብየዳ ነጥቦች እየደከሙ ይሰነጠቁ ነበር። ተጎጂዎቹ የኤችፒ፣ የዴልና የአፕል ማሽኖች ናቸው።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው ነገር አለ። ጉድለቱ የተገኘው ኩባንያዎቹ ከሌላ በገዙት አካል ላይ ነው፤ ተቀናቃኝ ስሞች አንድ ዓይነት ብልሽት ተካፈሉ። ደግሞም ጉድለቱ የወጣው ከብዙ ወራት አገልግሎት በኋላ ነው። «እገሌ የተባለው ስም አይበላሽም» የሚለው አባባል በዚህ ምክንያት ብዙ አይረዳም። ስሙ አንድ ሆኖ መደቡ ይለያያል፤ አንድ ኩባንያ ለቤት ተጠቃሚ የሚያወጣው ርካሽ መስመርና ለመሥሪያ ቤቶች የሚያወጣው መስመር በማጠፊያ፣ በኪቦርድና በመለዋወጫ አቅርቦት ፈጽሞ አይገናኙም። የሌኖቮ ቲንክፓድ (አይቢኤም በ1992 የጀመረው፣ ሌኖቮ በ2005 የተረከበው)፣ የዴል ላቲቲውድና የኤችፒ ኤሊትቡክ የሚጠቀሱት በዚህ ነው። የጥገና መመሪያቸው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቴክኒሻኑ የትኛው ብሎን የት እንዳለ አንብቦ ያውቃል።

በማስታወቂያ ላይ «ወታደራዊ ደረጃ» የሚል ካዩ ተረጋግተው ያንብቡት። የሚጠቀሰው የአሜሪካ መከላከያ የፈተና ሰነድ ሚል-ስታንዳርድ 810 ነው። ሰነዱ ስለ ንዝረት፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ አቧራና መውደቅ በርካታ የፈተና ዘዴዎችን ይዘረዝራል። ነገር ግን ላፕቶፖችን መርምሮ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ማዕከላዊ አካል የለም። ከዝርዝሩ የትኞቹን ፈተናዎች እንደሚወስድ የሚመርጠው አምራቹ ነው፤ የሚፈተነውም አዲስ ማሽን እንጂ ሦስት ዓመት ያገለገለ አይደለም። ቃሉ ዋጋ የሚኖረው አምራቹ የትኞቹን ፈተናዎች እንዳለፈ በዝርዝር ሲጽፍ ነው።

ባትሪውና ራሙ ሊቀየሩ ይችላሉ?

ለእኔ ከኢንች በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ራም ማሽኑ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማኅደር ነው። ድሮ በመሰኪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሰሌዳ ነበር፤ ሲያንስ አውጥቶ በትልቅ መተካት ይቻል ነበር። ዛሬ በብዙ ቀጫጭን ማሽኖች ላይ ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ጋር ተበይዶ ይመጣል። ይህ ደንበኛን ለማሰር ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ቴክኒካዊ ምክንያት አለው። ለአነስተኛ ኃይል የተሠራው የራም ዓይነት በከፍተኛ ፍጥነት እንዲሠራ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ርቀት እጅግ አጭር መሆን አለበት፤ የቆየው መሰኪያ ደግሞ ርቀቱንም ውፍረቱንም ይጨምራል። ውጤቱ ግን ለተጠቃሚው አንድ ነው፤ በገዛበት ቀን የመረጠው መጠን የማሽኑ የዕድሜ ልክ መጠን ይሆናል። የተበየደ ራም ያለው ማሽን የሚገዛ ሰው ቢያንስ 16 ጊጋባይት ይያዝ።

መፍትሔ እየመጣ ነው። የማኅደረ ትውስታ ደረጃዎችን የሚያወጣው ጄዴክ በ2023 መጨረሻ ካም 2 የተባለ አዲስ የራም ሰሌዳ ደረጃ አጽድቋል። ሰሌዳው ጠፍጣፋ ሆኖ በማዘርቦርዱ ላይ በብሎን ይጫናል፤ ዝቅተኛ ኃይል የሚበላውን የራም ዓይነት ሳይበየድ ለመጠቀም ያስችላል። በ2024 የሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ 1 ሰባተኛ ትውልድ ይዞት ወጣ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባትሪው፣ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ መሰኪያው፣ ማዘርቦርዱም ጭምር በተጠቃሚው እጅ የሚቀየሩ ቀጫጭን ላፕቶፖችን እየሸጠ ነው። ቅጥነትና ተጠጋኝነት ፈጽሞ አይታረቁም ለሚሉ ይህ መልስ ነው፤ ይታረቃሉ፣ ነገር ግን ንድፍ አውጪው ከመጀመሪያው ሊያስብበት ይገባል።

ሕግም ገብቶበታል። ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ በላፕቶፕ መሸጫ ላይ ከ10 የሚሰጥ የተጠጋኝነት ውጤት እንዲለጠፍ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ደንብ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ውስጥ ያሉ ባትሪዎች በአጠቃላይ በተጠቃሚው ሊወጡና ሊተኩ የሚችሉ እንዲሆኑ ይጠይቃል። አምራቾች ለአውሮፓ ብቻ የተለየ አካል መሥራት ስለሚያስወጣቸው የዚህ ሕግ ውጤት በሌሎች ገበያዎችም እንደሚታይ እጠብቃለሁ።

ስለ ባትሪው ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። የሊቲየም ባትሪን በፍጥነት የሚያስረጁት ሙቀትና ሁልጊዜ መቶ በመቶ ተሞልቶ መቆየት ናቸው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ አላቸው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ግን የቀሩት 20 በመቶ ዋጋቸው ትልቅ ነው፤ እዚያ ሙሉ አድርጎ መያዝና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባትሪውን መቀየር ይሻላል። ይህ የሚሠራው ግን ባትሪው የሚቀየር ከሆነ ነው።

በቅርቡ ከሚመጡት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የቱ ነው?

የሚያስደንቁት በስክሪን የሚጫወቱት ናቸው። ሌኖቮ በጃንዋሪ 2025 ስክሪኑ በሞተር ከ14 ኢንች ወደ 16.7 ኢንች ወደ ላይ የሚዘረጋ ላፕቶፕ አሳይቷል፤ መነሻ ዋጋው ከ3,000 ዶላር በላይ ነበር። ትንሽ ማሽን ይዞ ትልቅ ስክሪን ማግኘት የክርክሩ ሁሉ ሕልም ነው። ይሁን እንጂ የሚንቀሳቀስ አካል በጨመረ ቁጥር የሚደክም ነገር ይጨምራል፤ አቧራ ባለበት አገር ደግሞ ይበልጥ። የኦሌድ ስክሪን ከዚህ የበለጠ ወደ ተራው ተጠቃሚ እየቀረበ ነው። በኦሌድ እያንዳንዱ ፒክሰል በራሱ ያበራል፤ ጥቁሩ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ለዓመታት በአንድ ቦታ የማይንቀሳቀስ ምስል ከታየበት ግን ጥላው ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ለሚከፍት ቢሮ አልመክረውም።

በፕሮሰሰር በኩል አፕል በ2020፣ ኳልኮም በ2024 አርም በተባለው፣ አነስተኛ ኃይል በሚበላ አሠራር የተሠሩ ቺፖችን ይዘው የመጡት ለውጥ ጠቃሚ ነው፤ ኃይል ሲቀንስ ሙቀት ይቀንሳል፣ ቀጭን ማሽንም ሳይጨነቅ ይሠራል። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ግን አሮጌ ፕሪንተሩ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩና የቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሙ በአርም ላይ መሥራታቸውን ሳያረጋግጥ መግዛት የለበትም።

ከሁሉም ይልቅ ዕለት ተዕለት የሚነካን የቻርጀር ለውጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ ሲ (በአዳዲስ ስልኮች ላይ ባለው ትንሽ ሞላላ መሰኪያ) መሞላት እንዲችሉ ደንግጓል። አንድ ቻርጀር ለስልክም ለላፕቶፕም መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን መሰኪያው በየቀኑ የሚገፋና የሚጎተት ስለሆነ የሚበላሸው እሱ ነው። በአንዳንድ ማሽኖች መሰኪያው በቀጥታ በማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ በሌሎች በርካሽ በሚተካ ትንሽ የተለየ ሰሌዳ ላይ ነው። ይህ ልዩነት በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም። የጥገና መመሪያውን ወይም ማሽኑን ፈትተው የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን አይቶ ማወቅ ይቻላል።

ከውጭ ለቤተሰብ የሚላክ ላፕቶፕስ?

ከአሜሪካ የሚመጣ ላፕቶፕ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ይሠራ እንደሆነ ብዙ ሰው ይጨነቃል። በቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ከተጻፈ ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ባለበት ግን በቻርጀሩ ፊት ጥሩ መከላከያ ማድረግ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ለተማሪ የሚገዛ ከሆነ ከአዲስ ርካሽ ማሽን ይልቅ ከመሥሪያ ቤት የወጣ፣ ጥቂት ዓመት ያገለገለ የቢሮ መስመር ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዕድሜ ይሰጣል። ሦስት ነገር ይታይ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከዚያ በታች ያሉትን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበልም ማለት ይቻላል። ማሽኑ ከቀድሞው ድርጅት የርቀት ቁጥጥር የተለቀቀ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ካልተለቀቀ ዊንዶውስ እንደገና ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ የድርጅቱን የይለፍ ቃል ሊጠይቅና አልከፈትም ሊል ይችላል። ባትሪው ደግሞ አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም ስንት በመቶ እንደቀረው ይጠየቅ።

መለዋወጫ ባትሪ አብሮ የሚላክ ከሆነ የአየር መንገዶች ደንብ ይታወቅ። ባትሪ የሚይዘው ኃይል በዋት ሰዓት ይለካል፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳል። የትልልቆቹ ላፕቶፖች ባትሪ 99 ዋት ሰዓት ላይ የሚቆመውም ከዚህ ገደብ የተነሳ ነው። ከማሽኑ ውጭ ያለ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ መሰኪያው ተሸፍኖ በእጅ ቦርሳ ይያዛል።